ምን አጥፍተው ይሆን? የካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥና የሙእሚን ሶብር

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ እዝነትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ፣ አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ቤት የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን አቅፈው በሌሊት ወደ ደጅ ይወጡ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በአፋር በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል። በዚያ ሰሞን በየቤቱ፣ በየታክሲው፣ አልፎም በየመስጊዱ ደጃፍ አንድ ጥያቄ ስንሰማ ከረምን፤ «ምን አጥፍተው ይሆን?» የሚል።

ጠያቂዎቹ ክፉ ልብ ኖሯቸው አይደለም። ሰው መከራ ባየ ቁጥር ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያቱን በሌላው ላይ ካገኘው ደግሞ እሱ ራሱ የተረፈ ይመስለዋል። ነገር ግን ይህ ጥያቄ ቤቱ ከፈረሰበት ሰው ደጃፍ ሲደርስ ጥያቄ መሆኑ ይቀርና ፍርድ ይሆናል። ንብረቱን ያጣው ሰው ስሙንም እንዲያጣ ያደርገዋል። ለመሆኑ ኢስላም ይህን ፍርድ ለማን ሰጠው? ይህን ለማየት ከስልሳ ዓመታት በላይ ወደ ኋላ ተመልሰን ወደ ይፋት ቆላ እንውረድ።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ጣርማ በርን አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል ተጠማዝዞ ቁልቁል ከወረደ በኋላ ሙቀቱ ፊቱን ሲመታው ይፋት መድረሱን ያውቀዋል። ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴንና አጣዬን ሲያልፍ ካራቆሬ ትቀበለዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ከሚሴ ነው። በስተምዕራብ፣ ወደ ደጋው ግርጌ ጠጋ ብላ ደግሞ ማጀቴ አለች። ይህ አገር ለኢስላም ታሪክ እንግዳ አይደለም። የወላስማ ሱልጣኖች ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምረው የመሩት የይፋት ሱልጣኔት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ምድር ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አል-ዑመሪ የተባለው ጸሐፊ የሐበሻን ሙስሊም ግዛቶች ሲቆጥር ይፋትን በስሟ ጠርቷታል። አርጎባው፣ አማራውና ኦሮሞው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ ሲገበያዩ የኖሩበት አገር ነው።

በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ወር ማብቂያ ላይ ይህች ምድር ተናወጠች። ከሁሉም የበረታው መንቀጥቀጥ ግንቦት 24 ለ25 አጥቢያ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 1961 ለጁን 2 አጥቢያ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ሌሊት የደረሰው ነበር። መጠኑ ከ6 በላይ ሆኖ ተለክቷል። በሂጅራ አቆጣጠር ወሩ ዙልሒጃ፣ ዓመቱም 1380 ነው። ዒደል አድሓ ካለፈ ገና አንድ ሳምንት ገደማ ቢሆነው ነው። የኡድሒያው ቆዳ እንኳ በቅጡ ሳይደርቅ ማለት ነው።

ማጀቴ ጨርሳ ፈረሰች። በካራቆሬ ከመቶው ቤት አርባ አምስት ያህሉ ወደቀ። ከተራራው ላይ ቋጥኝ ተንከባለለ፣ የደሴው አውራ ጎዳና ተሰነጣጠቀ፣ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። በዚያ ሌሊት ለተሀጁድ የቆመ ሰው ነበር ብለን እናስብ፤ ሳይሰግድ የተኛም ነበር እንበል። ግድግዳው ሲወድቅ ሁለቱን አልለየም። የሙስሊሙን ቤት አፍርሶ የክርስቲያኑን አልዘለለም፤ የክርስቲያኑንም አፍርሶ የሙስሊሙን አልተወም።

ነገሩ በአንድ ሌሊት አላበቃም። መንቀጥቀጡ ከግንቦት እስከ መስከረም ድረስ እየተመላለሰ ቆየ፤ ትልልቁም ትንንሹም ሲደመር በሺዎች የሚቆጠር ንዝረት ነበር። ክረምቱ ደግሞ በደጃፍ ነው። ቤቱ የወደቀበት ሰው በዝናብ ደጅ ያድራል፤ ቤቱ ያልወደቀለትም ቢሆን ገብቶ ለመተኛት ይፈራል። እንዲህ ያለውን ክረምት ለማሰብ የእናት ልብ ይበቃል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ከፍርስራሹ ሥር ለቀሩት ኢስላም ምን ስም ሰጣቸው? ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሸሂዶችን አምስት አድርገው ቆጥረዋል። በወረርሽኝ የሞተ፣ በሆድ ሕመም የሞተ፣ ውኃ የበላው፣ ፍርስራሽ የወደቀበት፣ እንዲሁም በአላህ መንገድ ላይ የተገደለ። አራተኛውን ልብ በሉልን፤ ቤት ተደርምሶበት የሞተው ሰው ከሸሂዶች ጋር ተቆጥሯል። ዑለማኦች ይህን «የአኺራ ሸሂድ» ይሉታል። ለምድራዊው ሥርዓት እንደ ማንኛውም ሟች ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይሰገድበታል፤ በዚህ ከጦር ሜዳው ሸሂድ ይለያል። ምንዳው ግን አላህ ዘንድ የሸሂድ ምንዳ ነው። እኛ በታክሲ ውስጥ «ምን አጥፍቶ ይሆን» ያልነውን ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሸሂድነት ጠርተውታል። ከዚህ በኋላ ሌላ መልስ ባንፈልግም ያምርብን ነበር።

ይሁን እንጂ የሚከራከረን አድማጭ እንዳለ እናውቃለን፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። ሰሙድን ያጠፋው ነውጥ አልነበረም ወይ? የሹዐይብ (ዐ.ሰ.) ሕዝቦችስ በምን ጠፉ? ይለናል። እውነት ነው፤ ቁርኣን ነግሮናል። ነገር ግን እነዚያ ሕዝቦች ነቢይ ተልኮላቸው፣ ተመክረውና ተስፋ ተሰጥቷቸው፣ ቅጣቱም ከመምጣቱ በፊት ተነግሯቸው ነበር። ሲመጣም ነቢዩና አብረውት ያመኑት ተለይተው ድነዋል። ያ ቅጣት መሆኑን ያወቅነው በወሕይ ነው። ወሕይ ካበቃ በኋላ «ይህኛው ቅጣት ነው፣ ያኛው ፈተና ነው» ብሎ የሌላውን ሰው መዝገብ የሚያነብ ማን ነው? በማጀቴ ነቢይ አልነበረም፤ አማኙም ተለይቶ አልወጣም።

ሌላም አለ። የሚያገኘን መከራ በገዛ እጃችን ሥራ መሆኑን፣ አላህም ከብዙው ይቅር እንደሚል የሚያስረዳ አንቀጽ በሹራ ምዕራፍ ውስጥ አለ። ይህን አንቀጽ እንዴት እናንብበው? መከራ የደረሰበት ሰው ስለ ራሱ ቢያነበው ወደ ተውባ ይመራዋል። ጎረቤት ስለ ጎረቤቱ ካነበበው ግን ያው ፍርድ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከሰው ሁሉ ፈተና የሚበረታባቸው ነቢያት እንደሆኑ፣ ከዚያም በደረጃ የሚከተሏቸው መሆናቸውን አስተምረዋል። መከራ ሁሉ የኃጢአት ደረሰኝ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይሆን ነበር። በኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ዘመን መዲና ተንቀጥቅጣ እሳቸውም ሕዝቡን በጥብቅ እንደገሠጹ ተዘግቧል። የገሠጹት ግን የራሳቸውን ከተማ ነው፤ ከሚመሩት ሕዝብ ጋር፣ በአንዲት መሬት ላይ ቆመው። ከሩቅ አገር ሆነው ቤቱ በፈረሰበት ሰው ላይ አልፈረዱም።

እንዲያውም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰማይን ምልክት በሰው ሕይወት ላይ ለመተርጎም ለተቸኮለበት ቀን የሰጡት መልስ አለ። ልጃቸው ኢብራሂም ገና ጡት ሳይጥል በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ ሞተ። በዚያው ቀን ፀሐይ ጨለመች። ዛሬ የሥነ ፈለክ ስሌት ይህን ግርዶሽ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 632 ላይ ያስቀምጠዋል። ሰዎች ፀሐይ ለኢብራሂም ሞት ጨለመች አሉ። ለሐዘንተኛ አባት ከዚህ የበለጠ ክብር ምን ይገኛል? ዝም ቢሉ ኖሮ እስከ ዛሬ ድረስ እንተርከው ነበር። ዝም አላሉም፤ ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ተአምራት ውስጥ መሆናቸውን፣ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጨልሙ ተናገሩ፤ ሶላትም አሰገዱ። ምድርስ ብትሆን ከዚሁ ጌታ ተአምራት አንዷ አይደለችምን? ስለ ልጃቸው ደግሞ አለቀሱ። ዓይናቸው እንባ አፈሰሰ፣ ልባቸው አዘነ፣ አንደበታቸው ግን ጌታቸውን የሚያስቆጣ ቃል አላወጣም።

ስለ ሶብር ስንናገር ብዙ ጊዜ የሚሳሳት ነገር ይህ ነው። ሶብር አለማልቀስ ይመስለናል። ያዕቆብ (ዐ.ሰ.) በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ አልቅሰዋል፤ ሆኖም ብሶታቸውን ያቀረቡት ለአላህ ነበር። አዩብ (ዐ.ሰ.) ልጅ፣ ሀብትና ጤና ሄዶባቸው ያደረጉት ዱዓእ እንኳ ክስ የለበትም፤ ጉዳት እንደ ነካቸው ተናግረው ጌታቸው ከአዛኞች ሁሉ አዛኝ መሆኑን አወሱ፣ በቃ። «ለምን እኔን?» የሚል ቃል የለበትም፤ «ኃጢአቴ ነው» የሚል ቃልም የለበትም። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

በመቃብር ላይ ታለቅስ ለነበረች ሴት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሶብር በመጀመሪያው ምት ጊዜ መሆኑን አስተምረዋታል። ይህን ስናነብ የካራቆሬ ሰዎች ይታሰቡናል። ለእነሱ የመጀመሪያው ምት አንድ አልነበረም። ከግንቦት እስከ መስከረም፣ ዛሬ በቃ ሲሉ ነገ እንደገና። ያንን ሁሉ ሌሊት በአንድ ሶብር ማለፍ አይቻልም፤ በየሌሊቱ አዲስ ሶብር ያስፈልጋል። ስማቸው በመጽሐፍ ያልተጻፈ የይፋት እናቶች ያንን ክረምት ልጆቻቸውን ይዘው አልፈውታል።

ከዚያ ምድር አንድ የሚገርም ነገር እናንሣ። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚነግሩን፣ ሸዋ ሮቢትና ካራቆሬ ያሉበት ዝርግ ሜዳ የአፋር ዝቅተኛ ምድር ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ በስንጥቆች መካከል ወደ ታች የሰመጠ ሸለቆ ነው። ምድር እዚያ በየዓመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ትሳባለች፤ ብዙ ዘመን የተጠራቀመው ጉልበት አንድ ቀን ሲለቀቅ እንደ 1953ቱ ይሆናል። ከደጋው በጎርፍ የሚወርደው አፈር የሚጠራቀመው ደግሞ በዚሁ በሰመጠው ሜዳ ላይ ነው። የይፋት ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት የሚበቅለው በዚያ አፈር ነው። ቤቱን ያፈረሰውና እርሻውን የሠራው እንቅስቃሴ አንድ ነው። ለአዩብ (ዐ.ሰ.) ምድርን በእግራቸው እንዲመቱ ታዘው ቀዝቃዛ ውኃ እንደ ወጣላቸው ስናነብ ይህ ትዝ ይለናል። ነገር ግን ይህን ጥበብ ልጁን በቀበረ ማግስት ለተቀመጠ አባት አንነግረውም። እውነት ቢሆንም ጊዜው አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በኢብራሂም ሞት አለቀሱ እንጂ የሞትን ጥበብ አላብራሩም።

አንድ ነገር ግን ለይተን እንለፍ። ካራቆሬና አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ሌላ መከራ አይተዋል። ያኔ ሰው ተገድሏል፣ ቤት ተቃጥሏል፣ ከተማ ወና ሆኗል። ያ ከመሬት አልመጣም፤ ከሰው እጅ የመጣ ነው። ሁለቱን «ቀደር ነው» በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ መክተት በደል ነው። በመሬት መንቀጥቀጥ ላይ ከሳሽና ተከሳሽ የለም፤ በሰው እጅ በፈሰሰ ደም ላይ ግን አለ፤ ዲናችንም ፍትሕን ከመጠየቅ አልከለከለንም። ሶብር ለተበዳዩ ብርታት ነው፣ ለበዳዩ መሸሸጊያ አይደለም።

ወደ ቀደር ከገባን አይቀር የዑመርን (ረ.ዐ.) ሌላ ታሪክ እንጨምር። ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በተባለ ቦታ ላይ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር ሽሽት ነው ወይ ብለው ጠየቋቸው። የዑመር መልስ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር መሄዳቸው እንደሆነ የሚገልጽ ነበር። በኋላ በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ በዐምዋስ ወረርሽኝ አቡ ዑበይዳ ራሳቸው ሞቱ፤ ሙዓዝ ኢብን ጀበልም (ረ.ዐ.) ሞቱ። አቡ ዑበይዳ በሕይወት ሳሉ ጀነት ከተበሰሩት አሥሩ አንዱ ናቸው። ምን አጥፍተው ይሆን?

እንግዲህ መጠንቀቅ ከኢማን አይቃረንም፤ ግመልን አስሮ መመካት ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ራሱ ሰውን እምብዛም አይገድልም፤ የሚገድለው የተናደው ግድግዳና ጣሪያ ነው። በጭቃ ብቻ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ከባድ ጣሪያ ተሸክሞ ወደ ጎን ሲናጥ ይበተናል። እንጨቱ በደንብ የተማገረ ቤት ግን ይወዛወዛል እንጂ ቶሎ አይደረመስም። በብሎኬት የሚሠራም ሰው ግድግዳዎቹን በላይ በኩል ዙሪያውን በብረትና በኮንክሪት ቢያስራቸው አብረው ይቆማሉ፤ ማዕዘን ላይ በርና መስኮት ባያበዛ ይመረጣል። አገራችንም ለመሬት መንቀጥቀጥ የሚሆን የሕንፃ ደንብ አላት። በስምጥ ሸለቆ ዳር የሚኖር፣ ለልጆቹ ቤት የሚሠራ አባት አናጢውንና ግንበኛውን ይህን ይጠይቅ።

የ1953ቱን ነውጥ ያጠኑልን አባ ፒየር ጉዋን የተባሉ የካናዳ ተወላጅ የካቶሊክ ቄስ ናቸው። የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ይመሩ ነበር፤ ጣቢያው ከተቋቋመ ጥቂት ዓመቱ ነበርና የካራቆሬው መከራ የመጀመሪያው ትልቅ ፈተናው ሆነ። በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ውስጥ ካራቆሬና ማጀቴ ስማቸው ተመዝግቧል። ጥበብ የሙእሚን የጠፋ ንብረት ናት፤ ባገኛት ስፍራ ያንሣት የሚል ትርጉም ያለው ንግግር በሰፊው ይነገራል። ሐዲስ ዐዋቂዎች ሰነዱ ደካማ ነው ቢሉም መልእክቱን የሚጠላ የለም። የእኛም ዑለማኦች ቢሆኑ ነገሩን ችላ አላሉትም፤ ኢማም አስ-ሱዩጢ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሙስሊሙ ዓለም የደረሱ የመሬት መንቀጥቀጦችን በየዓመታቸው እየቆጠሩ ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል። በኪታቡ ከተዘረዘሩት ከተሞች ውስጥ የመስጊዶቻቸው ሚናራዎች የወደቁባቸው ጥቂት አይደሉም።

ማጀቴም ካራቆሬም እንደገና ተሠርተው ሰው ይኖርባቸዋል። ከዚያ ሌሊት የተረፉትና ልጆቻቸው መስጊዳቸውን ሠርተው፣ ማሽላቸውን ዘርተው ኖረዋል። እምነታቸውንም ከፍርስራሹ ጋር አልቀበሩትም።

ኸሊፋው ዑመር ኢብን ዐብዱል ዐዚዝ (ረሒመሁላህ) በዘመናቸው ምድር ስትንቀጠቀጥ ለየአገሩ ደብዳቤ መላካቸው ተዘግቧል። በደብዳቤው ማን ምን እንዳጠፋ እንዲጣራ አላዘዙም። ሰው ወደ ሜዳ ወጥቶ ጌታውን እንዲለምን፣ ያለው ሰው ደግሞ ሰደቃ እንዲሰጥ ነበር የጻፉት።